ላሟ መንታ ትውለድ ወይስ በጓ? መልሱ ካፋ ውስጥ አለ

"ላሟ መንታ ወለደች!" ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ አልፎ አልፎ ብቅ የሚል ዜና ነው። ሁለት ጥጆች እናታቸው ሥር ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ፤ ጎረቤት ስልኩን ደግኖ ይቀርጻል፤ ከታች ደግሞ "እሰይ"፣ "ለኛም ያድርግልን" የሚል አስተያየት ይደረደራል። ከዚያ ሁሉ መሃል አንድ ቁም ነገር ያዘለ ጥያቄ አይጠፋም። ይሄ ነገር በዕድል ብቻ ነው እንዴ? በመድኃኒት ወይም ዝርያ በመምረጥ ሁሉም ላም መንታ እንዲወልድ ቢደረግ የገበሬው ሀብት በአንዴ እጥፍ አይሆንም?

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ኢትዮጵያ 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት አላት፤ በአፍሪካ የሚስተካከላት የለም። በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ጥናት መሠረት ግን አንዲት የአገር ውስጥ ላም በቀን የምትሰጠው ወተት በአማካይ 1 ሊትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ቁጥር አለ፣ ምርት የለም። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የሚለው ተረት የተፈጠረልን ይመስላል። እንዲህ ባለበት አገር "አንዷ ላም ሁለት ብትወልድስ?" ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው።

ቁርጥ ያለውን መልስ አስቀድሜ ልንገራችሁ። አዎ፣ ላም መንታ እንድትወልድ ማድረግ ይቻላል፤ በሌላ አገር ተሞክሮ ተሳክቷል። ለካፋ ገበሬ ግን አያዋጣም። መንታ መውለዱ እውነት የሚያዋጣው እንስሳ ሌላ ነው፤ እሱ ደግሞ እዚያው ቦንጋ ዙሪያ፣ በየጓሮው አለ። ስሙም በከተማዋ ይጠራል፦ የቦንጋ በግ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አንድ በአንድ እንየው።

ነብራስካ ውስጥ የተሞከረው

በተፈጥሮ ላም መንታ የምትወልደው እምብዛም ነው። በሥጋ ከብት ከ100 ወሊድ 1 ወይም 2 ቢሆን ነው፤ እንደ ሆልስታይን ባሉ ከፍተኛ ወተት ሰጪ ዝርያዎች ደግሞ 4 ወይም 5 ሊደርስ ይችላል። የሰው ልጅ ይህን ቁጥር ለመለወጥ አልሞከረም ማለት ግን አይደለም።

አሜሪካ ነብራስካ ግዛት፣ ክሌይ ሴንተር በምትባል ቦታ የሚገኘው የመንግሥት የሥጋ ከብት ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1981 አንድ ሥራ ጀመረ። መንታ ደጋግመው የወለዱ ላሞችን ከየቦታው ሰበሰበ፤ የእነሱን ልጆች እየመረጠ እርስ በርስ አራባ። ከ20 ዓመት በላይ ከተደከመ በኋላ በመንጋው ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወሊድ መንታ ሆነ። በሳይንስ ዓይን ትልቅ ድል ነበር። ኒውዚላንድ ውስጥም ትሬብል የተባለች ላም ሦስት ጊዜ ሦስት ሦስት ጥጃ በመውለዷ ተመራማሪዎች ዘሯን ተከታትለው በአንድ ዘረመል የሚተላለፍ ባሕርይ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትመዋል።

ታዲያ ለምን የዓለም ከብት አርቢ ሁሉ ይህን ዘር አልተሻማም? ምክንያቱም መንታ ለላም ሸክም ነው። ምጥ ይበረታባታል፤ ጥጆቹ ተጠላልፈው ይመጣሉ። እንግዴ ልጅ በጊዜው አይወርድም፤ ይህ ደግሞ ማሕፀን ያመረቅዛል፣ ቀጣዩን እርግዝና ያዘገያል። ጥጆቹ ትንንሽ ሆነው ስለሚወለዱ የሚሞቱት ይበዛሉ። ነብራስካ ላይ ለዚህ ሁሉ ሐኪም፣ መጋዘን ሙሉ መኖ፣ ሌሊት የሚጠብቅ ሠራተኛ አለ። አዲዮ ወይም ጨና ወረዳ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ላም ምጥ ቢጠናባት ማን ይደርሳል? የእንስሳት ሐኪሙ ያለበት ከተማ ስንት ሰዓት ያስኬዳል? መልሱን የገጠር ልጆች ታውቁታላችሁ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው

ከምጡ የባሰው ችግር ግን ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ጊዜ ሰጥተን እንየው።

ላም ወንድና ሴት መንታ ስታረግዝ የሁለቱ ጽንሶች የደም ሥር አብዛኛውን ጊዜ ይገናኛል። ከወንዱ የሚወጣው ሆርሞን ወደ ሴቷ ይዘልቅና የመራቢያ አካሏን እድገት ያበላሸዋል። በዚህ ዓይነት ከተወለዱ ጊደሮች ከ100 ውስጥ ከ90 በላይ የሚሆኑት መካን ናቸው። ከውጭ ስትታይ ምንም አይጎድላትም፣ ታድጋለች፣ ትወፍራለች። ለኮርማ ስትቀርብ ግን አትጸንስም። ገበሬው ይህን የሚያውቀው ሦስት አራት ዓመት ከቀለባት በኋላ ነው።

አሁን ስልካችሁ ላይ ያለውን ማስያ አውጡ። 4 ላሞች ነጠላ ነጠላ ቢወልዱ 4 ጥጃ ይገኛል፤ በአማካይ 2 ወንድ፣ 2 ሴት። ሁለቱም ጊደሮች ነገ ላም ይሆናሉ።

እነዚያው 4 ላሞች ሁሉም መንታ ቢወልዱስ? 8 ጥጃ፤ 4 ወንድ፣ 4 ሴት። ደስ ይላል። ግን መንታዎቹ እንዴት ይደለደላሉ? በአማካይ አንዷ ላም ሁለት ወንድ፣ አንዷ ሁለት ሴት፣ ሁለቱ ደግሞ ወንድና ሴት ይወልዳሉ። ከወንድ ጋር የተወለዱት ሁለቱ ሴቶች መካን ናቸው ማለት ይቻላል። የሚቀሩት ወላጅ መሆን የሚችሉ ጊደሮች ስንት ናቸው? 2። ልክ በነጠላ ወሊዱ ጊዜ እንደነበረው።

ልብ በሉ፤ እናቶቹ እጥፍ ተሸክመው፣ እጥፍ በልተው፣ እጥፍ አምጠው፣ ነገ ወተት የሚሰጡት ላሞች ቁጥር ንቅንቅ አላለም። የሚጨምረው የወንድ ጥጃና ለሥጋ ብቻ የምትሆን ጊደር ነው። ለሥጋ አምራች ድርጅት ይሄ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ወተቱንም፣ በሬውንም፣ ምትክ ላሟንም ከአንድ ጓሮ ለሚጠብቅ ቤተሰብ ግን ኪሳራ ነው።

"በሆርሞን መርፌስ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ላሞች በአንድ ሰሞን ኮርማ እንዲፈልጉ የሚሰጠው መርፌ፣ ባለሙያዎች ሲንክሮናይዜሽን የሚሉት፣ ብዙ ወረዳዎች ውስጥ ይታወቃል። ዓላማው ግን መንታ ማስወለድ አይደለም፤ የማዳቀያ ጊዜውን ማስተካከል ነው። ብዙ እንቁላል እንዲወጣ የሚያደርግ ሌላ ሆርሞንም አለ፤ ችግሩ አንዷ ላም ላይ ምንም ሳያደርግ ሌላዋ ላይ ሦስትና አራት ሊያስረግዝ መቻሉ ነው። ለፅንስ ዝውውር ላቦራቶሪ እንጂ ለገበሬ በረት የተሠራ አይደለም።

ላሟን መርዳት የሚቻለው በየት በኩል ነው?

የእኛ አገር ላም ችግር በአንድ ጊዜ አንድ መውለዷ አይደለም። ቆይታ ቆይታ መውለዷ ነው። በገጠር ያለች ላም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ጥጃዋን የምታየው 4 ዓመት ካለፋት በኋላ ነው፤ ከዚያም በየ2 ዓመቱ ገደማ ትወልዳለች።

10 ላሞችን ለ6 ዓመት እንከታተል። በየ2 ዓመቱ ከወለዱ 30 ጥጃ ይገኛል። የወሊድ ልዩነቱ ወደ 18 ወር ዝቅ ቢል 40 ይሆናል። አስር ጥጃ ትርፍ፣ ያለ ምንም መንታ። ያንኑ 10 ትርፍ በመንታ ለማምጣት ከ30 ወሊድ 10ሩ መንታ መሆን አለበት። ነብራስካ ያንን ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶባታል።

የወሊድ ልዩነትን ማሳጠር ደግሞ ተአምር አይፈልግም። ከወለደች በኋላ የምትበላው በቂ መኖ፣ ኮርማ መፈለጓን በሰዓቱ ማየት፣ የአዳቃይ ባለሙያው ስልክ ሲደወል መድረስ፣ በጎጀብ ሸለቆና በመሳሰሉት ቆላማ ቦታዎች ደግሞ የገንዲ በሽታን መከላከል ነው። አሰልቺ ዝርዝር ነው፤ ቲክቶክ ላይ አይወጣም። ላሟን የሚያሻሽላት ግን እሱ ነው።

ስለ ላሟ በዚህ ይብቃን። ወደ በጓ እንሂድ።

በግ ለምን ይለያል?

የቦንጋ በግን ያየ ሰው አይረሳውም። ቀንድ የለውም፣ ላቱ ሰፊና ረጅም ነው፣ ጸጉሩ አጭርና ለስላሳ፣ ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም ቡናማ። አጥኚዎች የኢትዮጵያን በጎች በ9 ዝርያ ሲከፍሏቸው ቦንጋ ራሱን ችሎ አንዱ ሆኖ ተቀምጧል። በካፋ፣ በሸካ፣ በቤንች አካባቢ ይረባል። የሚታወቅበት አንድ ትልቅ ነገር መንታ መውለዱ ነው።

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በገበሬ ማሳ ላይ በተሠራ ጥናት ከ100 የቦንጋ በግ ወሊድ 36 ያህሉ መንታ ሆኖ ተገኝቷል። የመንዝ በግ በአብዛኛው የሚወልደው አንድ ነው። የቦንጋዋ በግ የምትወልደውም በየ9 ወሩ ገደማ ነው፤ እርግዝናዋ 5 ወር ብቻ ነዋ። ሁለቱን ስታጣምሯቸው አንዲት እናት በግ በ2 ዓመት ውስጥ ከ3 እስከ 4 ግልገል ትወልዳለች ማለት ነው። ላሟ በዚያው ጊዜ አንድ ጥጃ።

መካን የመሆኑ ጉዳይስ? በበግ ላይ ከወንድ ጋር የተወለደች ሴት መካን የምትሆነው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ የጽንሶቹ የደም ሥር እንደ ላም አይገናኝም። ስለዚህ ከላይ የሠራነው ሒሳብ በበግ ላይ ይገለበጣል። መንታ ሲበዛ ሴቱም ወንዱም እኩል ይጨምራል፤ ሴቷም ነገ ትወልዳለች።

ሳይንሱም ወደ ቦንጋ ፊቱን አዙሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት መንታና ከዚያ በላይ የሚወልዱ የቦንጋ በጎችን አንድ ብቻ ከሚወልዱት ጋር በዘረመል አነጻጽሮ፣ ከመራባት ጋር የተያያዙ በዓለም የታወቁም አዳዲስም የዘረመል ቦታዎችን አግኝቷል። ከውጭ የሚመጣ ተአምረኛ በግ ሳያስፈልገን ሀብቱ በእጃችን ነበር ማለት ነው።

ምርጡን እየበላን ነበር

ነገር ግን ሀብት በእጅ መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ አለማባከን ሌላ። በየበዓሉ የሚሆነውን አስቡ። ለመሽቃሬ ባሮ፣ ለመስቀል፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለአረፋ ነጋዴው ሲመጣ የሚመርጠው የትኛውን ጠቦት ነው? ቶሎ ያደገውን፣ የደነደነውን፣ ቁመናው ያማረውን። ገበሬውም ብር ይፈልጋል፣ ይሸጣል። በረት ውስጥ የሚቀረው ነጋዴ ያልፈለገው ነው። ቀጣዩን ትውልድ የሚያስረግዘውም እሱ ነው።

ይህ ለአንድ ዓመት ቢሆን ምንም አልነበረም። ለብዙ ዓመታት ሲደጋገም ግን ዝርያው ራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ማንም ክፉ ነገር አላሰበም፤ ገበያው ግን ምርጡን ዘር እየነቀለ ወሰደው።

በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው ሥራ የመጣው ይህንን ለመቀልበስ ነው። ኢካርዳ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የደረቅ አካባቢዎች ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ኢልሪ፣ የቪየናው የተፈጥሮ ሀብትና ሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ የምርምር ተቋማት ተባብረው በአፋር፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በመንዝ በጎች ላይ "ማኅበረሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ" ጀመሩ። በካፋ በኩል የቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከል ያዘው፤ አዲዮ ወረዳ ውስጥ ያለችው ቦቃ ሹታም ከመጀመሪያዎቹ መንደሮች አንዷ ሆነች።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ብልሃቱም እዚያ ላይ ነው። የአንድ መንደር ገበሬዎች በጎቻቸውን እንደ አንድ ትልቅ መንጋ ይቆጥሯቸዋል። ከአካባቢው የተመለመለ መዝጋቢ ወጣት ቤት ለቤት እየዞረ ግልገል ሲወለድ ይጽፋል፦ እናቱ ማን ናት፣ አባቱ ማን ነው፣ ነጠላ ነው መንታ፣ ሲወለድ ስንት መዘነ፣ በ3 ወር፣ በ6 ወር። ወንድ ግልገሎች ለምርጫ ሲደርሱ መጀመሪያ በመዝገቡ ይለያሉ። ከዚያ ገበሬዎቹ የመረጡት ኮሚቴ መጥቶ በዓይኑ ያያል፤ ላቱን፣ ቀለሙን፣ አቋሙን። ሁለቱንም ፈተና ያለፈው አውራ ሆኖ ይቀራል፣ በየቤቱ እየተዘዋወረ ያገለግላል። ያላለፈው ይኮላሻል ወይም ይሸጣል። ባለቤቱ ምርጡን ጠቦት ለነጋዴ እንዳይሰጥ ማኅበሩ በተዘዋዋሪ ገንዘቡ ይገዛዋል።

ነጋዴ ምርጡን ወስዶ ደካማውን ይተው ነበር። አሁን ተገለበጠ።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2018 የተሰበሰበውን መረጃ የመረመሩ ተመራማሪዎች በ2020 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የቦንጋ ግልገሎች የ6 ወር ክብደት በዘር መሻሻል ብቻ በየዓመቱ በ200 ግራም ገደማ መጨመሩን አሳይተዋል። ብዙ የመውለድ ባሕርዩም በቦንጋና በሆሮ ወደ ላይ ሄዷል። 200 ግራም ምን አላት እንዳትሉ፤ በ10 ዓመት 2 ኪሎ ነው፣ በእያንዳንዱ ግልገል ላይ፣ በዘር ስለገባም ከዓመት ዓመት የሚተላለፍ ነው። መርፌ ሲቆም አብሮ የሚቆም ዓይነት ለውጥ አይደለም።

ከዚህ በፊት የተሄደበትን መንገድ ስናስታውስ ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል። ደብረ ብርሃንና መንዝ አመድ ጉያ ላይ አዋሲ፣ ኋላም በሌሎች ቦታዎች ዶርፐር የተባሉ የውጭ በጎች እየተባዙ ለገበሬ ተሰጥተዋል። የተዳቀለው በግ ይተልቃል፤ ግን ብዙ ይበላል፣ የአካባቢውን በሽታ አይለምደውም፣ ማዕከሉ አውራ ማቅረብ ሲያቆም ሥራው አብሮ ይቆማል። በቦንጋው መንገድ የሚመረጠውም የሚመርጠውም እዚያው መንደር ነው።

መንታ መውለድና መንታ ማሳደግ

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት አለብን። "መንታ ይብዛ" የሚለው መፈክር በበግም ቢሆን ብቻውን አደገኛ ነው።

ለማስያ ያህል እንዲህ እንበል። ነጠላ የወለደች በግ ግልገሏን 6 ወር ላይ 22 ኪሎ አደረሰችው። መንታ የወለደችው ደግሞ ወተቱን ስላካፈለች እያንዳንዳቸው 18 ኪሎ ደረሱ፤ በድምሩ 36። በጣም ጥሩ። ከሁለቱ አንዱ ቢሞትስ? ተጎድቶ ያደገው አንዱ 18 ኪሎ ይቀራል። መንታ የወለደችው ባለ ነጠላዋን እንኳ አልደረሰችባትም። እናቲቱም ከስታለች፣ ቀጣዩ እርግዝና ይዘገያል።

ስለዚህ መቆጠር ያለበት የተወለደው ግልገል አይደለም፤ ለ6 ወር የበቃው ነው። ካፋ ዝናብ የማይለየው አገር ነው፤ ዝናቡ ለቡናውና ለእንሰቱ በረከት ሲሆን ለበግ ደግሞ የጉበት ትል፣ የሳንባ ምች፣ የሰኮና መበስበስ ይዞ ይመጣል። ደካማ ሆኖ የተወለደ መንታ ግልገል ለዚህ የመጀመሪያው ሰለባ ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በእርግዝናዋ የመጨረሻ 6 ሳምንት እናቲቱን ለይቶ መመገብ አንዱ ነው፤ መንታ የያዘች በግ በዚያ ሰሞን መኖ ካጣች ራሷም ልትወድቅ ትችላለች። ሁለቱም ግልገሎች በተወለዱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንገር መጥባታቸውን ማረጋገጥ ሌላው ነው፤ ጉልበተኛው ጠቦት ደካማዋን ገፍቶ ብቻውን ይጠባል። ደረቅና ነፋስ የማይገባው ጥግ፣ የትል መድኃኒት፣ የደስታ መሰል በሽታ ክትባት ይጨመርበት። መኖውም በየጓሮው ሊበቅል የሚችል ነው፦ ደሾ ሣር፣ ዝሆኔ ሣር፣ የርግብ አተር፤ በበጋ ደግሞ የእንሰት ቅጠል።

ይህን ያህል ስለ መኖ ያወራሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ካፋ ውስጥ የግጦሽ መሬት እየጠበበ ነው። ደኑን አንካ፤ በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የካፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል፤ የዱር ቡናው መኖሪያ ነው። ደን ተመንጥሮ በግ አይሰማራም። ስለዚህ የዞኑ የእንስሳት ሀብት ማደግ የሚችለው በራስ ቁጥር ሳይሆን በአንድ ራስ በሚገኝ ምርት ነው። መንታ የምታሳድግ በግ ለካፋ ይህን ያህል የምታስፈልገው ለዚህ ነው። አንዲት እናት ቀልበህ ሁለት ጠቦት ለገበያ ታደርሳለህ፤ ሁለት እናት መቀለብ አይጠበቅብህም።

ደመወዙን ማን ይክፈል?

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ይህ ሥራ የሚቆመው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ ቤት ለቤት ዞሮ በሚመዘግበው ወጣት ላይ። ሚዛኑን ተሸክሞ፣ ጭቃውን ረግጦ፣ ግልገሉ በተወለደ ማግስት የሚደርሰው እሱ ነው። መዝገቡ ለሁለት ወር ከተቋረጠ የትኛው ጠቦት መንታ እንደነበረ፣ እናቱ ማን እንደሆነች ማን ያስታውሳል? መንታ የመውለድ ባሕርይ ደግሞ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በትንሹ ነው፤ ከሚታየው ልዩነት ከ10 አንድ እጅ ያህሉ ብቻ ነው በዘር የሚመጣው፣ ቀሪው የመኖና የአያያዝ ነው። በዓይን ታይቶ አይመረጥም። የብዙ ዓመት፣ የብዙ እናቶች መዝገብ ይፈልጋል።

የመዝጋቢዎቹና የመረጃ ሥራው ወጪ ደግሞ ለብዙ ጊዜ በፕሮጀክት ገንዘብ ላይ ነው የተደገፈው። ፕሮጀክት ይመጣል፣ ይሄዳል። ከላይ የጠቀስኩት የ2020 ጽሑፍ ራሱ ሥራው የሚያዋጣ መሆኑን ካሳየ በኋላ የመንግሥትና የግል ኢንቨስትመንት ካልገባበት እንደማይሰፋ በርዕሱ ላይ ጽፎታል።

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ራሱን የቻለ ክልል ነው፤ ቦንጋም ከመቀመጫ ከተሞቹ አንዷ ናት። ውሳኔው ድሮ ሐዋሳ ነበር፤ አሁን ቅርብ ነው። በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋትም ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮና ማር ላይ ብዙ ገንዘብና ጉልበት አሰባስቧል። ለቦንጋ በግ መዝጋቢዎች ቋሚ የበጀት መደብ ለመክፈት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት በዓመት ለስብሰባ አበል ከሚያወጣው ጋር ይተያይ፤ መልሱን ለናንተ እተዋለሁ።

"ገበሬዎቹ ራሳቸው ለምን አይከፍሉም?" የሚል ክርክር አለ፣ ግማሹም ትክክል ነው። ማኅበራት ምርጥ አውራ ለሌሎች ወረዳዎችና ዞኖች ሲሸጡ ከትርፉ የመዝጋቢውን ደመወዝ በከፊል ሊሸፍኑ ይችላሉ። ግን የዝርያ መሻሻል ጥቅሙ አጥር አያውቅም። ከቦቃ ሹታ የተገዛ አውራ ሌላ ወረዳ ሄዶ የሚያስገኘው ግልገል ሁሉ የማኅበሩ ገቢ አይሆንም። የሁሉም የሆነ ጥቅም ሲሆን ወጪውም በከፊል የሁሉም መሆን አለበት፤ መንገድና ክትባትን በዚሁ ምክንያት ነው መንግሥት የሚሠራው።

ሌላም የሚያሰጋ ነገር አለ። የቦንጋ አውራ ስሙ እየገነነ ሲሄድ ፈላጊው ይበዛል፣ ዋጋው ይወደዳል። ያኔ ማኅበሩ ራሱ ምርጡን አውራ በጥሩ ብር ሽጦ ሁለተኛውን ለራሱ ሊያስቀር ይችላል። ነጋዴው ያደርግ የነበረውን በሌላ በር መመለስ ነው። ከእያንዳንዱ ምርጫ ቀዳሚዎቹ አውራዎች ከመንደሩ እንዳይወጡ የሚል ጥብቅ ደንብ ያስፈልጋል፤ የሚሸጠው ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ይሁን።

ወጣቱ የት አለበት?

መሬት የሌለው የካፋ ወጣት ብዙ ነው። ላም መግዛት ከአቅሙ በላይ ነው፣ የቡና ማሳ ከቤተሰብ ካልደረሰው የለውም። ሁለት እናት በግ ግን ተበድሮም፣ ከዘመድ ተቀብሎ ግልገሉን እኩል ለመካፈል ተስማምቶም መጀመር ይችላል። መንታ ከምታሳድግ እናት የተገኙ ሁለት በጎች ከየትም ከተገዙ ሁለት በጎች ጋር አንድ አይደሉም። ልዩነቱ ያለው መዝገቡ ላይ ነው።

መዝገቡ ደግሞ እየዘመነ ነው። ከወረቀት ወደ ስልክና ታብሌት የማሸጋገር ሥራ ተጀምሯል። ሚዛን ማንበብ፣ የጆሮ ቁጥር መመዝገብ፣ መረጃውን ኔትወርክ ሲገኝ መላክ ስማርትፎን የሚያውቅ ወጣት በአንድ ቀን የሚለምደው ነገር ነው። የመንደሩ መዝጋቢ መሆን ራሱ ሥራ ነው፤ ደመወዝ ከተመደበለት።

በግ የምታረቡ ከሆነ ደግሞ ማኅበር እስኪመጣ አትጠብቁ። ስልካችሁ ላይ አንድ ማስታወሻ ክፈቱ። የእናቲቱን ስም ወይም ቁጥር፣ የወለደችበትን ቀን፣ ስንት እንደወለደች፣ ከነሱ ስንቱ 6 ወር እንደደረሰ ጻፉ። አራት ነገር ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የትኛዋን ማቆየት፣ የትኛዋን መሸጥ እንዳለባችሁ ማስታወሻው ይነግራችኋል። የምታቆዩት አውራም ሁለት ልጅ ካሳደገች እናት የተወለደ ይሁን፤ ለበዓል ገበያ ወንድሙ ይሂድ።

ክልሉ በጀት ሲያወጣ፣ ዞኑ ዕቅድ ሲያቀርብ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠየቅ፦ የበግ መዝጋቢዎቹ ደመወዝ የትኛው መደብ ላይ ነው? ጥያቄው ወረቀት ላይ መልስ ካገኘ፣ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬው የደከመበት የቦንጋ በግ በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ከጥቂት መንደሮች ወጥቶ ለመላው ካፋ ይተርፋል። ካላገኘ ግን መዝገቡ ይዘጋል፤ ምርጡ ጠቦትም እንደ ድሮው ለመጀመሪያው የበዓል ገበያ ይጫናል።